ሮዝ የለበሰው ግንብ፦ ክሬጊቫር ድንጋዩን ለምን ይሸፍናል?

በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ አበርዲንሻየር በሚባለው ግዛት፣ ከአልፎርድ ከተማ በስተደቡብ ባለ ተዳፋት ላይ ክሬጊቫር የሚባል ግንብ ቆሟል። በ2024 እድሳቱ አልቆ ለጎብኚዎች ሲከፈት፣ ከመወጣጫው ውስጥ ብቅ ያለው ሕንፃ ከእግሩ እስከ አናቱ ደማቅ ሮዝ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው 1.7 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል። ግንቡ ተሠርቶ ያለቀው በ1626 ነው፤ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ በወጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ግራ መጋባት ይከተላል። ጥንታዊ ግንብ በብዙ ሰው ዓይነ ኅሊና ውስጥ ግራጫ ነው፤ ድንጋዩ የተራቆተ፣ ሽበት ያወጣ፣ ዝናብና ነፋስ የበላው። ተለስኖና ተቀብቶ ሲታይ “አበላሹት”፣ “አዲስ አስመሰሉት”፣ “ታሪኩን ቀቡበት” የሚል ቅሬታ ይነሣል። ቅሬታው የሚመነጨው ለቅርስ ከማሰብ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን በስኮትላንድ ግንቦች ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። አዲስ የሆነው የተራቆተው ድንጋይ ነው፤ ጥንታዊው ልስኑ ነው። ይህን ለመረዳት ግንቡ ምን እንደነበር፣ ማን እንደሠራውና ግድግዳው ከውሃ ጋር እንዴት እንደሚኖር ማየት ያስፈልጋል።

እልፍኝ በአዳራሽ ላይ፣ አዳራሽ በጎተራ ላይ

ክሬጊቫር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች “ታወር ሃውስ” ከሚሉት የሕንፃ ዓይነት ይመደባል። በአማርኛ የግንብ ቤት ልንለው እንችላለን። የንጉሥ ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ወታደር የሰፈረበት ምሽግም አይደለም። ርስት ያለው አንድ ቤተሰብ ከነሎሌዎቹ የሚኖርበት መኖሪያ ነው። ልዩ የሚያደርገው አቀማመጡ ነው። በሌላ አገር በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩት ክፍሎች እዚህ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። ከታች ጎተራና ማድ ቤት፣ ከዚያ በላይ ግብር የሚበላበትና እንግዳ የሚስተናገድበት አዳራሽ፣ ከአዳራሹ በላይ የጌታውና የእመቤቲቱ እልፍኝ፣ ከዚያም የልጆችና የዘመድ መኝታ፣ በመጨረሻም ከጣሪያው ሥር ትንንሽ ክፍሎች። ሁሉን የሚያገናኘው በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ወይም በማዕዘን በተሠራ ክፍል ውስጥ የሚሽከረከር ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ነው።

የምድር ቤቱ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ከእንጨት ሳይሆን ከድንጋይ የተሠራ ቅስት ነው። እሳት ቢነሣ ከታች ወደ ላይ አይሻገርም፤ የላዩንም ክብደት ይሸከማል። በዚያ ላይ በስኮትላንድ ረጅምና ጠንካራ ምሰሶ የሚሆን እንጨት የልብ የሚገኝ አልነበረም፤ ከኖርዌይና ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ በመርከብ ይመጣ ነበር። ድንጋይ ግን በየሜዳው አለ። እንጨት ሲወደድ ድንጋይ ሲረክስ ወርዱ ጠባብ፣ ቁመቱ ረጅም የሆነ ቤት መሥራት ያዋጣል። ጣሪያው ትንሽ ስለሆነ ጥቂት እንጨት ይበቃዋል።

ቅርጹ በጊዜ ብዛት ተለወጠ። የመጀመሪያዎቹ አራት ማዕዘን ብቻ ነበሩ። በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ በወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ ያለው ትሪቭ፣ ከ1369 በኋላ በአርችባልድ ዳግላስ የተሠራው፣ የዚህ ዓይነት ነው፤ ግዙፍና ጨለማ ነው፣ ማስጌጥ አይወድም። በኋላ በአንዱ ጎን ክንፍ ተጨምሮለት ከላይ ሲታይ የላቲኑን ኤል ፊደል የሚመስል ቅርጽ መጣ፤ ክንፉ ደረጃውን ይይዛል፣ በሩንም ከጎን ሆኖ ይጠብቃል። ከዚያም በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ላይ ሁለት ግንብ የተተከለበት የዜድ ቅርጽ ተለመደ። በዳንዲ አጠገብ ያለው ክሌይፖትስ፣ በድንጋዩ ላይ 1569 እና 1588 የሚሉ ዓመታት የተቀረጹበት፣ ጥሩ ምሳሌው ነው። ክሬጊቫር የኤል ቅርጽ ቤተሰብ ነው፤ ግን ዘግየት ብሎ የመጣ፣ የተራቀቀ ልጁ ነው።

ሕግ ያዘዘው ግንብ

እነዚህ ቤቶች ለምን በሺህ በሚጠጋ ቁጥር በአንዲት ትንሽ አገር ውስጥ በዙ? የተለመደው መልስ “ጦርነት” ነው። እውነትነት አለው። ከእንግሊዝ ጋር ያለው ድንበር ለዘመናት ጸጥታ አላገኘም፤ ከብት መዝረፍ በሁለቱም ወገን የኑሮ ዘዴ ሆኖ ነበር። በ1535 የስኮትላንድ ፓርላማ ያወጣው ሕግ የዘመኑን ስጋት በግልጽ ያሳያል። የርስቱ ግምት መቶ ፓውንድ የሚደርስ ባለርስት ሁሉ እያንዳንዱ ጎኑ 60 ጫማ የሆነ፣ ውፍረቱ አንድ ኤል፣ ቁመቱ ስድስት ኤል የሆነ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ታዘዘ። ኤል የጨርቅ መለኪያ ነው፤ በስኮትላንድ 94 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አጥሩ “ባርምኪን” ይባላል። የአካባቢው ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ከነንብረቱ የሚሸሸግበት ነው። በውስጡ ግንብ ማቆም ግን ለባለርስቱ ፈቃድ የተተወ ነበር።

ሆኖም ጦርነት ብቻውን ነገሩን አይገልጠውም። አብዛኛዎቹ የግንብ ቤቶች የተሠሩት ወይም የተስፋፉት ከ1560 በኋላ፣ በተለይም ከ1603 በፊትና በኋላ ባሉት ዓሥርት ዓመታት ነው። በ1560 ስኮትላንድ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ስትለይ የገዳማትና የአድባራት መሬት በስፋት ወደ ግል እጅ ገባ፤ አስቀድሞም ገንዘብ የቸገራቸው የቤተ ክርስቲያን አለቆች መሬቱን ዓመታዊ ክፍያ እየተቀበሉ በቋሚነት ለሌላ ማስተላለፍ ጀምረው ነበር። ትናንት ጭሰኛ ወይም የመሬት ጠባቂ የነበረው ዛሬ ልጁ የሚወርሰው ርስት ባለቤት ሆነ። ርስቱ የኔ ነው ብሎ የተማመነ ሰው በድንጋይ ይሠራል። በ1603 ደግሞ የስኮትላንዱ ጄምስ ስድስተኛ የእንግሊዝንም ዙፋን ወርሶ ወደ ለንደን ሄደ፤ የድንበሩ ጦርነት ምክንያት አጣ። የግንብ ቤት ግን አልቆመም። እንዲያውም እጅግ ያማሩት የተሠሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ክሬጊቫርም ከእነዚሁ አንዱ ነው።

ነጋዴው ዊሊ

የክሬጊቫርን ርስት ለረጅም ጊዜ የያዙት ሞርቲመር የተባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ግንቡን የጀመሩት እነርሱ ናቸው፤ ነገር ግን ገንዘብ አጠራቸውና በ1610 ለዊልያም ፎርብስ ሸጡት። ፎርብስ የጥንት ባላባት ዘር ይሁን እንጂ ሀብቱ ከንግድ የመጣ ነው። በባልቲክ ባሕር ማዶ ከዳንዚግ፣ ዛሬ በፖላንድ ግዳንስክ ከምትባለው ወደብ ጋር ይነግድ ስለነበር “ዳንዚግ ዊሊ” የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ወንድሙ ፓትሪክ በኋላ የአበርዲን ጳጳስ ሆኗል። ዊልያም ግንቡን በ1626 ጨርሶ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ልጁ የባሮኔትነት፣ ማለትም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ማዕረግ አገኘ።

ግንቡ የባለቤቱን ታሪክ ይመስላል። እስከ ወገቡ ድረስ ምንም ጌጥ የለውም። ግድግዳው ለስላሳና ድፍን ነው፣ መስኮቶቹ ትንንሽና ጥቂት ናቸው፣ መግቢያው አንድ ብቻ ነው። ከበሩ ጀርባም ስኮትላንዶች “ዬት” የሚሉት ከወፍራም ብረት የተጠላለፈ ፍርግርግ አለ። ዓይን ወደ ላይ ሲወጣ ግን ሕንፃው በድንገት ያብባል። ከግድግዳው ወጣ ብለው የተደረደሩ ቅርጽ ያላቸው ድንጋዮች ማዕዘኖቹን እየተሸከሙ ክብ ክብ ትንንሽ ግንቦችን ያወጣሉ፤ በእነርሱ ላይ ሾጣጣ ጣሪያዎች፣ ከዚያ በላይ ጉልላት፣ የጭስ ማውጫዎችና ዙሪያውን ለመቃኘት የሚያስችል ሰገነት አሉ። የጣሪያውን ውሃ የሚተፉት አሸንዳዎች የመድፍ አፈ ሙዝ ቅርጽ አላቸው። የድንጋይ መድፍ የሚተኩሰው የዝናብ ውሃ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በኋላ የምንመለስበትን ክርክር ይነካል።

ውስጡ ደግሞ የኖራ ሌላ ጥበብ የታየበት ነው። የአዳራሹ ቅስት ጣሪያ በሙሉ በልስን ቅርጻ ቅርጽ ተሸፍኗል፤ ከመካከሉ እንደ ፍሬ የተንጠለጠሉ ጌጦች ይወርዳሉ፣ በክብ ሰሌዳዎች ውስጥ የጥንት ጀግኖች ፊት ይታያል። ከምድጃው በላይ ግዙፍ የንጉሡ አርማ አለ። ፎርብስ ርስቱን በቀጥታ ከዘውዱ የያዘ መሆኑን ለእንግዳው ሁሉ የሚናገር ነው። በእነዚሁ ዓመታት በግላሚስና በማካልስ ግንቦች የተሠሩት ጣሪያዎች ከዚህኛው ጋር እጅግ ይቀራረባሉ፤ የቅርጽ ማውጫ ይዘው ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወሩ ባለሙያዎች እንደነበሩ ከዚህ ይገመታል። የላይኛዎቹ ክፍሎች እስከ ዛሬ የኤሌክትሪክ መብራት አልገባባቸውም። ጎብኚው በመስኮት ብርሃን ነው የሚያያቸው፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ደግሞ የልስኑን ቅርጽ ጎላ አድርጎ ያወጣዋል።

የፎርብስ ዘሮች፣ በኋላ ፎርብስ ሴምፒል የተባሉት፣ እስከ 1963 ኖሩበት። ከዚያ ወዲህ የሚያስተዳድረው በ1931 የተቋቋመው የስኮትላንድ ብሔራዊ ትረስት ነው። ትረስት ሲባል ሀብትን ለሕዝብ ጥቅም በአደራ የሚይዝ፣ ከመንግሥት ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ማለት ነው።

ምሽግ ነው ወይስ ቤት?

በታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአበርዲኑ ዳግላስ ሲምሰንና የእርሱን መንገድ የተከተሉ አጥኚዎች ግንቦቹን ከመከላከያ አንጻር ያነብቧቸው ነበር። የኤልና የዜድ ቅርጾች በሩን በጥይት ለመጠበቅ የተፈለሰፉ ናቸው፣ ትንንሾቹ መስኮቶች የፍርሃት ምልክት ናቸው፣ ስኮትላንድ ጎረቤቶቿ ሰፋፊ መስኮት ያላቸውን ቪላዎች ሲሠሩ ገና ከመካከለኛው ዘመን ያልወጣች አገር ነበረች የሚል ምስል ከዚህ ይወጣል።

ይህን ምስል በብርቱ የተቃወመው የዳንዲ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቻርልስ ማኪን ነው። በእርሱ አስተያየት እነዚህ ሕንፃዎች የስኮትላንድ ሕዳሴ ዘመን የገጠር መኳንንት ቤቶች ናቸው። ሻቶ የሚባለውን የፈረንሳይ መኳንንት የገጠር ቤት ከሚሠሩት ሰዎች ጋር የሚነጋገሩ፣ ግን የራሳቸውን ቋንቋ የመረጡ ባለቤቶችና ግንበኞች ሠሯቸው። ቁመትና ትንንሽ ግንቦች የጥንት ዘር ምልክት ስለነበሩ ሆን ተብለው ተጠበቁ። ማዕረግን የሚናገሩት በመከላከያ ቅርጽ ነው እንጂ መከላከያው ራሱ አስፈላጊ ሆኖ አይደለም።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። የብረት ፍርግርጉ ጌጥ አይደለም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአበርዲንሻየር ደጃፍን ክፍት አድርጎ መተኛት አያስተማምንም ነበር። ሌባንና ጠበኛ ጎረቤትን ይመልሳል። የመንግሥት ጦርን ግን አይመልስም፤ በዘመኑ መድፍ ፊት እንዲህ ያለ ግንብ ብዙ ቀን አይቆምም። ስለ ክሬጊቫር ግን የማኪን አነጋገር ይበልጥ ያሳምናል። በግዳንስክ ንግድ የበለጸገ ሰው ከጦር ይልቅ የሚያስፈልገው ክብር ነበር፤ መድፉን ከድንጋይ አስቀርጾ ውሃ እንዲተፋ ያደረገ ባለቤት የምሽግን ቅርጽ ለክብር እንደተጠቀመበት ለመገመት አያስቸግርም።

ይህ ክርክር ከቀለሙ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ግንቡ ምሽግ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የተራቆተ ድንጋይ ይጠብቃል፤ ጥንካሬን የሚያሳየው እርሱ ነውና። ግንቡ ሊታይ የተሠራ ቤት ነው ብሎ የሚያስብ ግን ከሩቅ የሚያበራ ልስን አያስደንቀውም። ሮዝን “ለምሽግ የማይመጥን” ያሰኘን ለሕንፃው የሰጠነው ትርጉም ነው።

ኖራው ምን ይሠራል?

የስኮትላንድ ግንበኞች ግድግዳውን የሚሸፍኑበት ልስን “ሃርሊንግ” ይባላል። ኖራ፣ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ከውሃ ጋር ተደባልቆ በማንኪያ መሰል መሣሪያ ግድግዳው ላይ በኃይል ይወረወራል። አይደለደልም፤ ይወረወራል። በውርወራው ኃይል ድብልቁ ወደ ድንጋዩ ክፍተት ሁሉ ይገባል፣ ላዩም ሸካራ ሆኖ ይቀራል። ሸካራነቱ ጥቅም አለው፤ ለነፋስና ለፀሐይ የሚጋለጠው ገጽ ሰፊ ስለሚሆን ውሃ ቶሎ ይተንናል። ከዚያ በላይ ቀጠን ያለ የኖራ ውሃ፣ ቀለም ሰጪ አፈር ተጨምሮበት፣ በብሩሽ ደጋግሞ ይቀባል። የክሬጊቫር ሮዝ ይህ ነው። ፋብሪካ የሚያወጣው ቀለም ግድግዳው ላይ እንደ ላስቲክ ይለጠፋል፤ የኖራ ቅብ ግን የልስኑ አካል ይሆናል።

ለምን አስፈለገ? የአበርዲንሻየር ግድግዳ የሚሠራው ቅርጽ ካልወጣለት ሻካራ ግራናይት ነው። ግራናይት ራሱ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል። ደካማው መገጣጠሚያው ነው። በነፋስ የሚገፋ ዝናብ በግራናይቱ ፊት ላይ ሳይጠጣ ይወርድና በድንጋዮቹ መካከል ባለው ማያያዣ በኩል ይገባል። ልስን የሌለው የግራናይት ግንብ፣ ጠንካራ ቢመስልም፣ ውሃ የሚሰበስብ ወንፊት ነው። ውሃው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ የወለሉን የእንጨት ተሸካሚዎች ጫፍ ያበሰብሳል፣ የውስጡን የልስን ቅርጻ ቅርጽ ያረግፋል፣ በክረምት በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ድንጋዩን ይገፋል።

የኖራ ልስን ውሃን ፈጽሞ አይከለክልም። ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጥቂት ይጠጣል፣ ዝናብ ሲያባራ መልሶ ያተናል። ባለሙያዎቹ “ይተነፍሳል” ይላሉ፤ ማለታቸው በደቃቅ ቀዳዳዎቹ በኩል እንፋሎት ይወጣል ነው። ከውስጥ፣ ከሰው እስትንፋስና ከማድ ቤት የሚመጣውም እርጥበት በዚያው ይወጣል። ግድግዳው ከሙቀትና ከክብደት የተነሣ በጥቂቱ ሲንቀሳቀስም ኖራው አብሮት ይሄዳል፤ በቀላሉ አይሰነጠቅም።

የኖራ ኬሚስትሪ ራሱ ክብ ጉዞ ነው። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል። የቀረው ነጭ ድንጋይ ውሃ ሲነካው እየፈላ ይፈርሳል፤ የሚለሰነው ይህ ነው። ግድግዳው ላይ ከዋለ በኋላ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ቅዝቃዜው ከ5 ዲግሪ በታች ከወረደ ወይም በረዶ ካገኘው ሳይጠነክር ይረግፋል። ስለዚህ በስኮትላንድ የኖራ ሥራ በዓመት ውስጥ የሚሠራበት ወቅት አጭር ነው፤ እድሳቱ የሚራዘመውና ወጪው የሚከብደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ልስኑ ከጥንትም የታሰበ መሆኑን ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል። በብዙ ግንቦች የመስኮትና የበር ዙሪያ የተጠረቡት ድንጋዮች ከግድግዳው ፊት ጥቂት ወጣ ብለው ተቀምጠዋል። ልስን የሌለበት ግድግዳ ላይ ሲታዩ ትርጉም የላቸውም። ልስኑ ሲመለስ ግን ልክ እስከ ጠርዛቸው ደርሶ ይቆማል። ግንበኛው የልስኑን ውፍረት አስቦ ቦታ ትቶለት ነበር።

ግራጫው ከየት መጣ?

ሁለት ነገሮች ተባብረው ነው። የመጀመሪያው ጣዕም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍርስራሽንና ሻካራ ድንጋይን የሚያደንቅ የፍቅረ ጥንት ስሜት አውሮፓን ያዘ። ልስኑ የረገፈ ግንብ “እውነተኛ”፣ የተለሰነው “የተደበቀ” መሰለ። ብዙ ግንቦች ልስናቸው ተፍቆ ተራቆቱ። በ1850ዎቹ ለንግሥት ቪክቶሪያ የተሠራው ባልሞራል የግንብ ቤቶቹን ቅርጽ ወርሶ በተራቆተ ግራናይት ቆመ፤ ከዚያ በኋላ የስኮትላንድ ግንብ ሲባል ሰው የሚያስበው እንደዚያ ያለውን ሆነ።

ክሬጊቫር ከዚህ የተረፈው በ1820ዎቹ ነው። ባለርስቱ ግንቡን ያፍርሰው ወይስ ያድሰው በማለት የአበርዲኑን አርክቴክት ጆን ስሚዝን አማከረ። ስሚዝ በዘመኑ ካሉት እጅግ ከሚያምሩት አንዱ ነውና ይጠበቅ አለ። ጣሪያው ታደሰ፣ ልስኑም ተመለሰ። ሮዙ ቀለም የመጣው በዚሁ ጊዜ እንደሆነና ከዚያ በፊት ግንቡ ወደ ነጭ የሚያደላ የወተት ቀለም እንደነበረው ይነገራል።

ሁለተኛው ሲሚንቶ ነው። ጆሴፍ አስፕዲን “ፖርትላንድ” ብሎ የሰየመውን ሲሚንቶ በ1824 በእንግሊዝ አስመዘገበ፤ ስሚዝ ለክሬጊቫር ሲመክር በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ሲሚንቶ ቶሎ ይጠነክራል፣ ብርድ ብዙም አያስቸግረውም፣ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው። ችግሩ ጥንካሬው ላይ ነው። ለስላሳ ማያያዣ ባለው የድሮ ግድግዳ ላይ ደረቅ የሲሚንቶ ቅርፊት ሲለጠፍ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ውሃ በፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ይገባል፤ በዚያው ግን ተመልሶ መውጣት አይችልም፤ ይከማቻል። ከውጭ ሲታይ ደረቅና ያማረ፣ ከውስጥ የረጠበ ግድግዳ ይፈጠራል።

ክሬጊቫርም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲሚንቶ ያለበት ልስን ለብሶ ነበር። እርጥበቱ ወደ ውስጥ እየዘለቀ የ1620ዎቹን ጣሪያዎች ሲያሰጋ፣ በ2000ዎቹ መጨረሻ ግንቡ ለጎብኚ ተዘግቶ ሲሚንቶው ተፍቆ ወረደና በኖራ ተተካ። የ2024ቱ ሮዝ የዚያ ሥራ ተከታይ ነው፤ በአየር የደበዘዘውና የሳሳው የኖራ ቅብ ዳግም ተቀባ።

የሲሚንቶን ጉዳት ለመረዳት ከዚሁ ወግ የመነጨ ሌላ ሕንፃ ማየት ይበቃል። አርክቴክቱ ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ የድሮዎቹን የግንብ ቤቶች እጅግ ያደንቅ ነበር። በሄለንስበርግ በ1904 ያለቀውን ሂል ሃውስ ሲሠራ ጥርት ያለውን ድፍን ግድግዳቸውን ወሰደ፤ ለልስኑ ግን ዘመናዊውን ፖርትላንድ ሲሚንቶ መረጠ። ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ውሃ ሲጠጣ ኖረ። በ2019 ያው ትረስት ቤቱን ሙሉ በሙሉ በብረት መረብ በተሠራ ግዙፍ ሽፋን ውስጥ አስገባው፤ ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ ዝናብ እንዳይነካው። ቅርጹን ከግንብ ቤቶቹ የወረሰው ሕንፃ ቆዳቸውን አለመውረሱ ነው ለዚህ ያበቃው።

የሚቃወሙት ምን ይላሉ?

ኖራን መመለስ ሁሉንም ጥያቄ አይዘጋም። ልስኑ አስፈላጊ ነው ብለን ብንስማማ እንኳ ቀለሙ የየትኛው ዘመን ይሁን? ለ1626 ታማኝ እንሁን ካልን ክሬጊቫር ነጣ ማለት ነበረበት። የተመረጠው ግን ሁለት መቶ ዓመት ያህል የኖረበት ሮዝ ነው። አንዳንድ የጥገና ሊቃውንት ሕንፃ ወደ አንድ “ትክክለኛ” ቀን መመለስ የለበትም፣ የኋላው ዘመን ያከለውም ታሪኩ ነው ይላሉ። ይህ አቋም ለክሬጊቫር የሚስማማ ይመስላል፤ ሰው ግንቡን የሚያውቀው በሮዙ ነውና። ለሌላ ሕንፃ ግን ላይስማማ ይችላል።

ስተርሊንግ ምሳሌ ነው። በስኮትላንድ ስተርሊንግ ከተማ ባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ የንጉሥ ጄምስ አራተኛ ታላቅ አዳራሽ ለረጅም ዘመን የጦር ሰፈር ሆኖ ተከፋፍሎና ተለውጦ ነበር። እድሳቱ በ1999 ሲያልቅ ወርቅማ ቢጫ የኖራ ቅብ ለብሶ ብቅ አለ፤ ከከተማው በላይ ካለው ግራጫ ኮረብታ ላይ አበራ። ብዙ ነዋሪ ተቆጣ። ቀለሙ የተመረጠው በግድግዳው ላይ የተረፈ ጥንታዊ ቅሪት ተመርምሮ ነው። ማስረጃው ጠንካራ ነበር፤ የሕዝቡም ስሜት እውነተኛ ነበር። ሰው አምስት መቶ ዓመት የኖረን ሕንፃ የሚወደው ልጅ ሳለ ባየው መልኩ ነው። ጠጋኙ አስቀድሞ ካላስረዳ ማስረጃ ብቻውን ልብን አያሳርፍም። በስተርሊንግ ከቀለሙ ይልቅ ያስከፋው ለሕዝቡ በቂ ዝግጅት አለመደረጉ ይመስላል።

ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። የኖራ ቅብ ይታጠባል፤ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት። ለአንድ ሩቅ ግንብ ይህን ያህል ወጪ ለምን? መልሱ ወጪውን ከምን ጋር እንደምናወዳድረው ይወሰናል። ልስኑ ራሱን እየሰዋ ከኋላው ያለውን ያድናል። ልስን ይተካል፤ የ1620ዎቹ ጣሪያ ግን አይተካም። በዚህ ላይ ኖራ ማቃጠልና መወርወር የሚያውቅ እጅ ከሌለ ገንዘብ ብቻውን አይጠቅምም። ሲሚንቶ በገነነባቸው ዓሥርት ዓመታት ሙያው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ በፋይፍ ባለችው ቻርልስታውን ከ1994 ጀምሮ የኖራ ሥራን የሚያስተምርና የሚያማክር ማዕከል መቋቋሙ ለዚህ ነው።

የጎንደር ጥያቄ

ይህ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በቅርቡ የፋሲል ግቢ እድሳት ፎቶግራፎች በማኅበራዊ መገናኛ ሲሰራጩ የተነሣው ክርክር በአብዛኛው ተመሳሳይ ቃላት ነበሩት፤ ጠቆር ብሎ የሚታወቀው ግንብ ነጣ ብሎ ሲታይ ብዙ ሰው ደነገጠ። የጎንደሩና የአበርዲንሻየሩ ግንቦች በሥራ ዝምድና የላቸውም፤ የሚገናኙት በዘመንና በኖራ ነው። ክሬጊቫር ባለቀ በስድስተኛው ዓመት፣ በ1632፣ ፋሲለደስ ነገሠ፤ የእርሱም ግንብ የተሠራው በድንጋይና በኖራ ነው።

የሲሚንቶውም ታሪክ ይመሳሰላል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጎንደር ግንቦች ላይ ሲሚንቶና አርማታ ገባ፤ በኋላ ግቢው በ1979 የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበበት ዩኔስኮ ጋር በተደረገ ትብብር በኖራ የመተካት ሥራ ተሠራ። የስኮትላንድ ልምድ ስለ አሁኑ የጎንደር ሥራ ጥራት ፍርድ አይሰጥም፤ የጎንደር ዝናብ ሌላ ነው፣ ድንጋዩ ሌላ ነው፣ ግድግዳው በጥንት ጊዜ ምን ያህል ተሸፍኖ እንደነበር የሚወስነው እዚያው ያለው ቅሪት ነው። የሚጠቅመው ጥያቄውን በማስተካከል ነው። “ለምን ነጣ?” ከማለት ይልቅ የተጠቀሙበት ማያያዣ ምንድን ነው፣ ውሃ ያስወጣል ወይስ ያፍናል፣ ከመቀባቱ በፊት የጥንቱ ልስን ቅሪት ተመርምሯል ወይ፣ የምርመራው ውጤትስ ለሕዝብ ተገልጧል ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በእነዚህ ላይ መልስ ያለው እድሳት ነጭም ይሁን ጥቁር ሊከራከሩለት ይቻላል፤ መልስ የሌለው ግን የቀድሞውን መልክ ቢጠብቅ እንኳ ያሠጋል።

ከዚህ በኋላ

የክሬጊቫር ሮዝ ከተቀባበት ቀን ጀምሮ መደብዘዝ ጀምሯል። በነፋስ በኩል ያለው ጎን ቀድሞ ይሳሳል፤ ከአሸንዳዎቹ ሥርና ከትንንሾቹ ግንቦች ጥላ ውጭ ያለው ቦታም እንዲሁ። ዝናብ እየከበደ፣ ክረምቱ እየረጠበ ሲሄድ ኖራው ለመድረቅ የሚያገኘው ጊዜ ያጥራል፤ ስለዚህ በሁለት እድሳት መካከል ያለው ዕድሜም ሊያጥር ይችላል። ትረስቱ እንዲህ ያሉ ብዙ ሕንፃዎች አሉት፤ ሁሉም ውጭ ቆመው ይዘንብባቸዋል። በአዳራሹ ውስጥ ግን ከአራት መቶ ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ በማውጫው ያሳረፋቸው ፊቶች ደርቀው ተቀምጠዋል፤ ከጎን በሚገባው ብርሃን አፍንጫቸውና ጢማቸው ገና ጥርት ብሎ ይታያል።